ማንም ያላሳደደው ስደተኛ

የእኛ ሰው መንገድ ሲያስብ አይናገርም። ቪዛ ሲመታለት ዝም፣ ትኬት ሲቆርጥ ዝም፣ ሻንጣ ሲገዛ "ለእህቴ ነው" ይላል። ኤርፖርት ገብቶ ቀበቶውን ካወለቀ በኋላ ነው ለልብ ጓደኛው ደውሎ "በል እንግዲህ ቻው" የሚለው። የምቀኛ ዐይን ፈርተን ነው የሚል አለ፤ ባይሳካ መሳቂያ እንዳንሆን ነው የሚልም አለ። ያም ሆነ ይህ መኳንንት ይህን ልማድ ከአዲስ አበባ ይዞት ቴክሳስ ገብቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከቴክሳስ ሊወጣበት ተዘጋጅቷል።

የት ሊሄድ? ፖርቱጋል። አዎ፣ ፖርቱጋል። ሰው ሁሉ አሜሪካ ለመግባት ጫካ ሲያቋርጥና ባሕር ውስጥ ሲሰጥም፣ መኳንንት የአሜሪካ ፓስፖርቱን ኪሱ ከትቶ ሊዝበን ሊገባ ነው። ለሥራ አይደለም፤ ሥራው በኮምፒውተር ስለሆነ የትም ሆኖ ይሠራዋል። የሚሄደው የአሜሪካ ፖለቲካ የያዘው መንገድ አላምር ስላለው ነው። በአጭሩ የፖለቲካ ስደተኛ ሊሆን ነው፤ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ።

የመጀመሪያው ስደቱ አያከራክርም። ተማሪ ሳለ ታስሮ ተገርፏል፤ በሞያሌ በኩል በእግሩ ወጥቶ ናይሮቢ ገብቷል፤ ከዓመታት በኋላ በስደተኝነት ዳላስ መጥቷል። ውስጥ እግሩ ላይ ያለው ጠባሳ ይመሰክርለታል። ለሁለተኛው ስደት ግን ምስክር የሚሆን ጭረት እንኳ አልነበረውም። ዳላስ አጠገብ፣ ቤድፎርድ ውስጥ ሰፊ ቤት ነበረው፤ ነርስ የሆነች ሚስት፣ ሮማነወርቅ፣ እና ሃይስኩል ልትጨርስ የተቃረበች ልጅ፣ ቃልኪዳን፣ ነበሩት። ሦስቱም ዜጎች ናቸው። ማንም አልነካቸውም።

ነገሩን ያከበደው የሰውየው ስም ነው። በዳላስና በፎርትዎርዝ ሀበሻ ዘንድ መኳንንት ማለት አጃቢ ማለት ነው። ጊዜው ሲከፋ፣ የጥገኝነት ጉዳያቸው ያላለቀ ሰዎች ለኢሚግሬሽን ቀጠሮ ገብተው ሳይወጡ መቅረት ሲጀምሩ፣ የአጃቢዎችን ማኅበር ያቋቋመው እሱ ነው። ሥራው ቀላል ነው። ዜግነት ያለው ሰው ዜግነት የሌለውን እስከ በሩ ይሸኛል፤ እስኪወጣ ውጭ ይጠብቃል፤ ካልወጣ ለጠበቃ ይደውላል፣ መኪናውን ያነሣል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ያመጣል። ቀላል ነው አልኩ እንጂ ያንን በር ብቻውን የገባ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። መኳንንት በየስብሰባው አንድ ነገር ሳይናገር አይቀመጥም ነበር፦ "ፈርታችሁ እንዳትቀሩ። ከችሎት ቀጠሮ የቀረ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል፤ የዓመታት ልፋቱ በአንድ ጠዋት ገደል ይገባል።"

ከፋሲካ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ በተደረገው ስብሰባ ላይ ደግሞ ስሜት ይዞት "እኔ አንዴ ሸሽቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሸሽም! እዚህ ካለነው ማንም የትም አይሄድም!" አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የሁሉም እናት የሆኑት እማማ ብርቅነሽ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሥተው እልል አሉ። መኳንንት ይህን ሲናገር የሊዝበኑን ቤት የኪራይ ውል ፈርሞ ጨርሶ ነበር። ዐይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነው እንዳትሉት። ሲናገር ከልቡ ነበር። ችግሩ፣ ሲፈርምም ከልቡ ነበር።

ሮማነወርቅን ክፉ ሴት አድርጎ የሚያይም ካለ ይሳሳታል። አባቷ በደርግ ዘመን፣ እሷ ገና ሕፃን ሳለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከአገር ሲወጣ "ይሄም ያልፋል" እያሉ ቁጭ ብለው አንድ ማለዳ ተወስደው የቀሩ ሰው ናቸው። "ሽታውን አውቀዋለሁ" ትላለች። "ልጄን ይዤ የምወጣው በሩ ክፍት ሳለ ነው። ከተዘጋ በኋላ ጀግና ብባል ምን ያደርግልኛል?"

"የማጅባቸው ሰዎችስ?" አላት አንድ ቀን።

"አንተ ስለቀረህ ወረቀት ያገኛሉ?"

አያገኙም፤ ይህን ያውቃል። ግን መኪና ሲነዳ ብቻውን ይከራከራታል። መሄድ የሚችል ሁሉ ከሄደ መሄድ የማይችለውን ማን ያጅበዋል? ከእሳት የሸሸ ሰው አይታማም። ጭስ ሸትቶት፣ ጎረቤቱን ሳይቀሰቅስ በጓሮ በር ሹልክ ያለ ሰው ግን ምን ይባላል? እዚህ ላይ ሲደርስ ሬዲዮውን ይከፍታል።

ቃልኪዳን ደግሞ እንደ ልጅ ፊት ለፊት ትመጣለች። "ዳዲ፣ መሄዳችን ራይት ከሆነ ለምንድነው ሲክሬት የሆነው?"

"ትልቅ ስትሆኚ ይገባሻል።"

ይህ መልስ የሌለው ሰው መልስ ነው፤ ልጅቷም አውቃዋለች።

ቤቱ በምሥጢር ተሸጠ። "የሚሸጥ ቤት" የሚለው ሰሌዳ ግቢው ላይ እንዳይተከል ያደረገው መኳንንት ነው። ጉድ የመጣውም በዚሁ ነው። ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልሰው ጋሹ ተሳፋሪ አውርዶ ሲመለስ በመኳንንት ደጅ አለፈ። ሁለት ፈረንጆች፣ አንዱ እንደ ኢሚግሬሽን ፖሊስ ሰደርያ የለበሰ፣ ቤቱን ዙሪያውን እየለኩ ፎቶ ያነሣሉ። ገዢው የላካቸው የቤት መርማሪዎች ናቸው፤ ሰሌዳ ቢኖር ኖሮ ሕፃን ልጅም ይገባው ነበር። ጋሹ ግን ሌላ ነገር ገባው። መጋረጃው ተዘግቷል። የሮማነወርቅ መኪና ከግቢው ጠፍቷል። መኳንንት ቤተ ክርስቲያን ካልታየ ሰንብቷል። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ የእኛ ሰው ሐሳቡን ትቶ ወሬ ጨመረበት። ቅዳሜ ላይ ነገሩ አልቆለት ነበር፦ መንግሥት መኳንንትን በተናገረው ንግግር ሊበቀለው ነው፤ ዜግነቱን ሊነጥቁት ነው፤ ቤቱን አሽገውበታል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የመኳንንት በር ተንኳኳ። ሲከፍት ደጁ ሞልቷል። ነጠላ ለብሰዋል፣ ድስትና ትሪ ይዘዋል፣ ፊታቸው የለቅሶ ቤት ፊት ነው። እማማ ብርቅነሽ ከፊት ናቸው፤ ጋሹ ደግፏቸዋል። ከኋላቸው ታደለች የስድስት ዓመት ልጇን ሃይሚን ይዛ ቆማለች። ገና ሁኔታውን ሳያጣራ ገብተው ሳሎኑን ሞሉት። ሳሎኑ ደግሞ ባዶ ነው፤ ሶፋው ተሰጥቷል፣ ከግድግዳው ላይ ፎቶዎቹ ወርደዋል፣ ጥጉ ላይ ሻንጣ ተደርድሯል።

እማማ ብርቅነሽ ባዶውን ግድግዳ አይተው ደረታቸውን መቱ። "ወይኔ ልጄ! ዕቃውን ሳይቀር ወሰዱብህ?"

መኳንንት አፉን ከፈተ። ሮማነወርቅ ቀደመችው። "እግዚአብሔር ያክብርልን፣ መሬት ላይም ቢሆን ተቀመጡ" አለች። አልዋሸችም። እንግዳ ነው የተቀበለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መኳንንት እስኪሞት አይረሳውም። እነዚያ ሰዎች፣ ከመካከላቸው ግማሾቹ ራሳቸው ወረቀት የሌላቸው፣ ፖሊስ ባዩ ቁጥር ልባቸው የሚወርድ ሰዎች፣ እሱን ሊያድኑት መጥተዋል። አንዱ ጠበቃ ጠይቄልሃለሁ አለ። ሌላው ቤተሰብህን ይዘህ እኔ ቤት ግባ አለ፤ የሚኖረው አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ጋሹ "ጋሼ፣ ሶ ፍርድ ቤት ከጠሩህ እኔ ነኝ የማጅብህ" አለ። የጋሹ የጥገኝነት ጉዳይ ራሱ ገና አላለቀም። መኳንንት ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ከሐፍረት ነው ያለቀሰው፤ እነሱ ግን የግፍ እንባ መስሏቸው እየተቀባበሉ አጽናኑት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ታደለች የተናገረችው ያን ጊዜ ነው። ታደለች እዚያው አቅራቢያ ኧርቪንግ ትኖራለች፤ አውሮፕላን ሲያርፍ ውስጡን ከሚያጸዱት አንዷ ናት። ከወሎ ጦርነት አምልጣ የመጣች፣ ጉዳይዋ ሲንከባለል የኖረ፣ የመጨረሻው የችሎት ቀጠሮዋ ማክሰኞ ጠዋት የሆነ ሴት። አጃቢዋ መኳንንት ነበር።

"እኔ ማክሰኞ አልሄድም" አለች ረጋ ብላ። "ሲትዝን የሆነውን፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ የሚጠጣውን ጋሼ መኳንንትን እንዲህ ካደረጉት እኔንማ በሩ ላይ ነው የሚውጡኝ። ማክሰኞ በጠዋት ሃይሚን ይዤ ሚኒሶታ እገባለሁ። እዚያ ማን ያውቀኛል?"

ማንም "ተይ" አላላትም። ሁልጊዜ "ተይ" የሚለው ሰው መኳንንት ነበር። ሁሉም ወደ እሱ አዩ። መኳንንት "ታደለች፣ እንዲህማ..." ብሎ ጀመረ። ከሻንጣዎቹ አጠገብ የቆመችው ሮማነወርቅ ዐይኗን ተከለችበት። እውነቱን ለመናገር ግን የሚስቱ ዐይን አይደለም ዝም ያሰኘው። ከፊቱ የተቀመጡት ሰዎች በፍቅር ያዩት ነበር፤ ያን ፍቅር በገዛ አፉ ማጥፋት አቃተው። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለና ዝም አለ።

ሲወጡ እማማ ብርቅነሽ ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁት። "እመቤታችን ልጇን አዝላ ተሰዳለችና ስደትህን እሷ ታስበው። ያሳደዱህን ታስታግስልህ።"

"አሜን" አለ መኳንንት።

በሩ ሲዘጋ ሮማነወርቅ ድስቶቹን ወጥ ቤት ማስገባት ጀመረች። "አንድ ቃል አልዋሸንም" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ረቡዕ እንሄዳለን። እንደተሰደድን ቢያስቡ ማን ይጎዳል?"

"ታደለች።"

ሮማነወርቅ ትሪውን ይዛ ቆመች። አባቷ የተወሰዱባት ሴት ናትና ማብራሪያ አላስፈለጋትም። "ሂድ ንገራት" አለች። "ለእሷ ብቻ። ለሌላው የሚነገር ነገር የለንም።"

በማግስቱ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኧርቪንግ ሄደ። የታደለች አፓርትመንት ኤርፖርቱ ሥር ነው፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። በሩን ስትከፍትለት ሻንጣዋ መሬት ላይ ተዘርግቶ የሃይሚን ልብስ እያጠፈች ነበር። ልጅቷ ገና ከትምህርት ቤት አልመጣችም።

"ጋሼ! በዚህ ጭንቅህ ምን አስወጣህ? ቢያዩህስ?"

"ማንም አያየኝም። ታዱዬ፣ አረፍ በይና ስሚኝ። ማንም አላሳደደኝም።"

ታደለች ልብስ ማጠፏን ሳታቆም ፈገግ አለች። "እሺ።"

"እሺ አይደለም፤ የምሬን ነው። ጋሹ ያያቸው ሰዎች የቤት መርማሪዎች ናቸው። ቤቱን የሸጥኩት ራሴ ነኝ። ማንም አልከሰሰኝም፣ ማንም አልጠራኝም። የምንሄደው በገዛ ፈቃዳችን ነው።"

"ገባኝ ጋሼ። ነገ እንዳልቀር ብለህ ነው።" ዐይኗ እንባ አቀረረ። "አንተ እኮ እንዲህ ነህ። የራስህ ቤት እየፈረሰ ስለ እኔ ቀጠሮ ትጨነቃለህ። እንዴት ያለ ሰው ነህ ግን?"

መኳንንት እውነት ተናግሮ የማይታመንበት ቀን ይመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። ደጋግሞ ነገራት፤ በነገራት ቁጥር አዘነችለት። ማለ፤ "አትማል፣ ኀጢአት ይሆንብሃል" አለችው። ደግ ሰው መሆኑን እንዲህ አምናበታለችና፣ እንድታምነው ከፈለገ ደግ አለመሆኑን ማሳየት ነበረበት። ስልኩን አወጣ። የሊዝበኑን ቤት ፎቶ ከፈተላት፦ ነጭ ግድግዳ፣ ሰገነት፣ ከሰገነቱ ማዶ ሰማያዊ ባሕር። ቀጥሎ ቃልኪዳን የተመዘገበችበትን ትምህርት ቤት አሳያት። ቀጥሎ የኪራይ ውሉን።

"ቀኑን እዪው" አላት።

ስልኩን ተቀብላ አየች። ልብሱን ከጭኗ ላይ አወረደችው።

"ይሄ ከፋሲካ በፊት ነው" አለች።

"አዎ።"

"አዳራሹ ውስጥ 'ማንም የትም አይሄድም' ያልከው ከፋሲካ በኋላ ነው።"

"አዎ።"

አውሮፕላን አለፈ። መኳንንት ስድቧን ይጠብቅ ነበር፤ እንዲያውም ይመኘው ነበር። ቢሰደብ ትንሽ ይቀለው ነበር። ታደለች ግን ፎቶውን መልሳ ከፈተችው።

"ባሕር ያያል እንዴ?"

"ከሰገነቱ ያያል።"

"ያምራል" አለች፣ ከልቧ። ከዚያ ድንገት ቀና አለች። "ሶ፣ ወረቀትህን አልነኩትም ማለት ነው? ሲትዝንህን?"

"አልነኩትም።"

"እውነት ማንም አልመጣብህም?"

"ማንም።"

"ተመስገን!" ብላ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። "ኡፍ፣ ተመስገን ጌታዬ! እኔ እኮ ያለቀልን መስሎኝ ነበር። ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም።" ያጠፈችውን ልብስ ከሻንጣው እያወጣች ወደ መሳቢያው መመለስ ጀመረች። ፊቷ በርቶ ነበር። በሱ ውሸት የጠፋው ተስፋዋ በሱ ቅሌት ተመለሰላት፤ እሷ ግን ቅሌቱን ልብም አላለችው።

መኳንንት ትንሽ ትንፋሽ አገኘ። "ነገ እኔ ራሴ እወስድሻለሁ። እንዳልነው በጠዋት እመጣለሁ፤ እኛ የምንበረው ረቡዕ ነው።"

ታደለች መሳቢያውን ዘጋችና ዞረች። "አይ ጋሼ። ለዓለምጌጥ እደውልላታለሁ።"

ዓለምጌጥ አርሊንግተን የምትኖር፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ፣ ዜግነት ያላት ሴት ናት። ለማኅበሩ የተመዘገበችው በመኳንንት ጉትጎታ ነው።

"ለምን? ነገ እኮ አለሁ።"

"ነገ አለህ፤ አውቃለሁ።" ቃላት መረጠች። "ማለቴ... ነገ ባልወጣ ሃይሚን ከትምህርት ቤት የሚያመጣት ሰው ያስፈልጋል። ከነገ ወዲያም ማምጣት አለበት። ከዚያ በኋላም። አንተ ነገ ካመጣሃት በኋላ ለማን ትሰጣታለህ?"

ለመጉዳት አልነበረም የተናገረችው። የሥራ ፈረቃ እንደሚከፋፍል ሰው ነው። አደራ ጥብቅ ነው ይባላል፤ ታደለች ደግሞ አደራዋን አንሥታ ሌላ ሰው ዘንድ ልታስቀምጥ ነው፤ መብቷ ነው። አንገቱን ደፍቶ ተነሣ።

በሩ ላይ ስትሸኘው "ለእኔ ብቻ ነው የነገርከኝ?" አለችው።

"ለአንቺ ብቻ።"

"ነጃትም እንደ እኔ የችሎት ቀጠሮ አላት፣ ሐሙስ። ከትናንት ጀምሮ አልሄድም ብላ ስልኳን ዘግታለች። አንዷለምም ስቴት ሊቀይር ነው። በአንተ እኮ ነው ጋሼ።" ድምፏን ዝቅ አደረገች። "ለሁሉም ንገራቸው። እንደነገርከኝ አድርገህ፤ ቀኑንም ጨምረህ። ካልሆነ አያምኑህም።"

መኪናውን ፓርክ ያደረገበት ቁጭ ብሎ ስልኩን አወጣ። የማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ በድምፅ ሊናገር ፈለገ። "ውድ ወገኖቼ፣ ባለንበት አስከፊ ወቅት..." ብሎ ጀመረና አጠፋው። "ቤተሰባዊ ምክንያት ስላጋጠመን..." አለና ይህንንም አጠፋው። ሽማግሌ ሆኖ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቀው አፉ ለገዛ ጉዳዩ ተሳሰረ። በመጨረሻ ዐይኑን ጨፍኖ ተናገረ።

"መኳንንት ነኝ። ማንም አላሳደደኝም። ዜግነቴን የነካው የለም። ቤቱን ራሴ ሸጬ ፖርቱጋል ልሄድ ነው። ቤቱን እዚያ የተከራየሁት ከፋሲካ በፊት ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ስምልላችሁ ፈርሜ ነበር። ትናንት ስታለቅሱልኝ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ቀጠሮ ያላችሁ በእኔ ምክንያት እንዳትቀሩ። እባካችሁ ሂዱ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ላከው። የሚያውቃቸው ሰዎች አንድ በአንድ እንደሰሙት ስልኩ አሳየው። መጀመሪያ የጻፈው ጋሹ ነው፦ "ሶ ጋሼ፣ ሰደርያ የለበሰው ሰውዬ ቤት የሚመረምር ነው?" "አዎ" ብሎ መለሰለት። ከዚያ የእማማ ብርቅነሽ ድምፅ መጣ፤ ድምፅ ሲቀዱ እንደሚያደርጉት እየጮኹ። "ልጄ፣ እንኳን አልነኩህ። ግን ለምን ዝም አልከኝ? እኔ እኮ ስለ ስደትህ ስእለት ተሳልኩ።" ከእሳቸው በኋላ ማንም አልተናገረም። የሰደበው የለም።

ቤቱ ሲደርስ ሮማነወርቅ ስልኳን ይዛ ባዶው ሳሎን መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሰምታዋለች። "እኔንም ጨምረህ አዋረድከኝ" አለችው። ቆይታ ደግሞ፣ ሳታየው፣ "ደግ አደረግህ" አለች። አጠገቧ ተቀመጠ።

ማክሰኞ ነጋ። መኳንንት እስከዛሬ እንዲህ ባለ ጠዋት በችሎቱ ሕንጻ ደጅ፣ መኪናው ውስጥ፣ ዐይኑን በሩ ላይ ተክሎ ነው የሚገኘው። ዛሬ ግን ሻንጣ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። ታደለች ገብታ ይሆን? ዳኛው ምን ብሎ ይሆን? ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቁ ሰዎች ይኖሩ ይሆን? ስልኩን ከእጁ አልለየውም። ሮማነወርቅ ጭንቀቱን አይታ "ደውልላታ" አለችው።

"በምን አፌ?"

"ለዓለምጌጥ ደውል።"

"በምን አፌ አልኩሽ እኮ።"

እኩለ ቀን ሆነ፤ ምንም የለም። የማኅበሩ ግሩፕ ውስጥ ከትናንቱ የእማማ ብርቅነሽ ድምፅ በኋላ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ፀሐይዋ ባዶውን ወለል እየዞረች ስትሄድ የመኳንንት ልብ እየወረደ ሄደ። ችሎት እንዲህ አይቆይም። ይዘዋታል፤ ይሄኔ ሃይሚ ዓለምጌጥ ቤት እያለቀሰች ነው። እሱ ቢኖር ኖሮ ምንም እንደማያመጣ ያውቃል፤ ግን ደጁ ላይ ይኖር ነበር፣ የጠበቃውን ስልክ ይደውል ነበር፣ ቢያንስ ያውቅ ነበር። በረራውን ልሰርዘው ይሆን እያለ ያስብ ጀመር። ማሰቡ ራሱ አሳፈረው፤ አሁን ቢቀርም ለእሷ ሳይሆን ለገዛ ስሙ ብሎ የሚቀር መሰለው።

አመሻሹ ላይ ቃልኪዳን ጓደኞቿን ተሰናብታ ገባች። አባቷ ጥጉ ላይ ስልኩን ታቅፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ስታየው ደነገጠች።

"ዳዲ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ታደለች አልወጣችም መሰለኝ።"

"ወጣች እኮ!" አለች ልጅቷ። "ጠዋት ነው የወጣችው። ኬሷን አፕሩቭ አደረጉላት ዳዲ! የዓለምጌጥ ልጅ ነገረችኝ። እነሱ ቤት ፓርቲ ላይ ናቸው፤ ሁሉም ሰው ሄዷል። ነጃትም መጥታለች።"

መኳንንት ተነሥቶ ቆመ። "ተመስገን" ሊል አፉን ከፍቶ ወደ ስልኩ አየ። "ግሩፑ ላይ ግን ማንም ምንም አልጻፈም።"

ቃልኪዳን መልሱን ታውቀዋለች፤ ለመናገር ግን ከበዳት። "ሌላ ግሩፕ ከፍተዋል። ትናንት ማታ።"

"ተቆጥተውኝ ነው?"

"ኖ፣ ኖ። ማንም ማድ አይደለም ዳዲ። ሁሉም ሰላም በይልን ብለዋል።" ከንፈሯን ነከስ አደረገች። "ያው... አንተ የሄድክ መስሏቸው ነው።"

መኳንንት "የምንሄደው እኮ ነገ ነው" ሊላት ነበር። አፈረና ተወው።